ሦስተኛው ምስማር

በዚያ ቤት በስሟ የምትጠራው ላሟ ብቻ ነበረች። ወለላ ትባላለች። ልጆቹ ስምንት ናቸው፤ ሲወለዱ ስም ወጥቶላቸዋል፣ ስማቸውም የሆነ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ከወረቀቱ ወርዶ አባታቸው አፍ ውስጥ የገባበት ቀን ግን የለም። «አንደኛ!» ብሎ ሲጣራ የበኩር ልጁ ከድንች ማሳው ቀና ይላል፤ «ስድስተኛ!» ሲል ከዶሮዎቹ ቤት አቧራና ላባ የለበሰ ጭንቅላት ብቅ ይላል። እናታቸው «የኔ ዓለም»፣ «እሙዬ»፣ «አንተ ሌባ» እያለች ትጠራቸዋለች፤ ይኼ ግን ስም ሳይሆን እንደ ሰማይ ነው፣ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ጎረቤት መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ለመደ፣ በመጨረሻ ለሰውየው ራሱ «አባ ተራ» የሚል ስም አውጥቶለት ተገላገለ።

አባ ተራ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ፤ ክፉን ሰው ጠልቶ ማረፍ ይቻላል። እሱ ከክፋት የባሰ ነገር ነበረበት፤ ዘዴ ነበረው።

ዘዴውን ያገኘው ከመመሪያ ነው። ልጆቹ ገና አራት ሳሉ አንድ የግብርና ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጥቶ፣ ከሞተሩ ሳይወርድ፣ አሥራ ስድስት ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ አስጨበጠውና አቧራ አልብሶት ሄደ። ሽፋኗ ላይ «የከብት በረት አያያዝ መመሪያ» ይላል። የተጻፈው አርባ ላም ላለው ሰው ነው። አባ ተራ ያለችው አንዲት ላም ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ምድጃ ያቀጣጥልባት ነበር። እሱ ሦስት ጊዜ አነበባት፤ አንብቦ ሲጨርስ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ላሟን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ በግቢው የሚበዛው የትኛው ከብት እንደሆነ ገባው።

«እያንዳንዱ ከብት ተራ ቁጥር ይሰጠው» ይላል መመሪያው። ተሰጣቸው። «የመኖና የውሃ ቦታው በተራ ቁጥሩ ይሁን።» ሆነ። «ከከብቶቹ አንዱ ከበረት ሲወጣ ቀጣዩ ወደ ፊት ይጠጋ፤ ክፍት ቦታ አይደር።» ይህችን መስመር በእርሳስ አሰመረባት። ዛሬ ያንን እርሳስ ቢያገኘው ይሰብረዋል፤ እርሳሱ ምን አጠፋ?

ከምድጃው ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ልጅ በተወለደ ቁጥር እየጨመረ፣ ስምንት ምስማር በአንድ መስመር መታ። ርቀታቸውን በገመድ ለካ። በየምስማሩ አፉ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ኩባያ ተሰቀለ፤ በኩባያው ሆድ ላይ ለግቢው በር ተገዝቶ በተረፈ ቀይ ቀለም ቁጥሩ ተጻፈ። ገበታው አሮጌ በር ነበር፤ ቁልፉ የነበረበት ቀዳዳ ሳይደፈን ቀርቶ ሰባተኛ ያልወደደውን ጎመን ሁሉ በእሱ በኩል ለውሻው ያቀብላል። ልጆቹ በሁለት አግዳሚ ላይ በተራቸው ይቀመጣሉ። አምስተኛና ስድስተኛ መንታ ስለሆኑ ማን ይቀድማል የሚለው ክርክር ሁለት ዓመት ፈጀ። አዋላጇ ተጠርታ ተጠየቀች። «እኔ ምን አውቄ፤ ሁለቱንም በአንድ ሳፋ ነው ያጠብኳቸው» ብላ፣ ትገላግላለች ሲባል አባሰችው፤ በዕጣ ተወሰነ።

ሥራውም ከምስማሩ ጋር የተሰቀለ ነው። የሁለተኛው ምስማር ውሃ ከጉድጓድ ይቀዳል፤ የሦስተኛው ያልባል፤ የአራተኛው ከረጢት ይሸከማል፤ የስምንተኛው፣ ባለቤቷ ሦስት ዓመቷ ስለነበር፣ ዝንብ እሽ ይላል። ማንም የማንንም ሥራ አይነካም። አንድ ቀን የድንች ከረጢት በር ላይ ተጋድሞ ሰባት ልጅ እየዘለለው ገባ፣ እየዘለለው ወጣ። አራተኛ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል። አባ ተራም ዘለለው። በመጨረሻ እናትየው እየጎተተች ስታስገባው «ተይው፣ የእሱ ነው!» አላት። «የእሱስ የእሱ ነው» አለች ወገቧን ይዛ፤ «ዝናቡ ግን የሁላችንም ነው።»

ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ይህ ታሪክም የእሷ ነው፤ እሷ ግን በታሪኩ ውስጥ ብዙ አትገኝም፣ ጥፋቱም ይኸው ነው። ዝምተኛ ነበረች። ከሰው ጋር የማታወራውን ስታልብ ከወለላ ጋር ታወራለች፤ ላሟ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ ታዳምጣለች፣ ወተቷንም ሳትሰስት ትለቃለች። አንድ ቀን አባ ተራ ከበረቱ ግድግዳ ኋላ ቆሞ ሰማት።

«አየሽ ወለላ፣ አንቺ ዕድለኛ ነሽ። በስምሽ ይጠሩሻል።»

ሳቀ። ሮጦ ሄዶ ለጎረቤቱ ለንብ አርቢው እንደ ቀልድ አወራለት። ንብ አርቢው አልሳቀም፤ የቀፎውን ክዳን መልሶ ገጠመና «ደግሞ ንገረኝ እስቲ፣ ምን አለች?» አለው። አባ ተራ ደግሞ ነገረው። ሰውየው አሁንም ሳይስቅ ሲቀር «የማር ሰው ሆኖ እንዲህ የሚመር አይቼ አላውቅም» ብሎ ትቶት ሄደ።

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከተማ ያለች አክስቷ ልብስ ስፌት ላስተምራት አለች። ለአንድ ዓመት። አባ ተራ ፈቀደ፤ ትምህርት አይጠላም፣ እሱም በተማረው ነው እንዲህ የሆነው። በሄደችበት ጠዋት ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳውን አንዴ አየችና፣ «አባዬ፣ ቦታዬን ጠብቅልኝ» አለችው።

«ቦታ እግር የለው፣ የት ይሄዳል!» አላት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሰባቱ ልጆች እንደለመዱት ተቀመጡ። በሁለተኛና በአራተኛ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ነበር። አባ ተራ ባዶውን አየ፤ ዓይኑን ከሱ ማንሳት አቃተው፤ ጥርሱ የተነቀለ ሰው ምላሱን ከቀዳዳው ማንሳት እንደሚያቅተው። እንግዲህ ይህን ስሜት ሌላ ሰው ናፍቆት ይለዋል። አባ ተራ መመሪያ ነበረውና ስሙን ሌላ አለው።

«ተጠጉ!» አለ።

እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ኧረ አንተ ሰው፣ ልጅቷ እኮ ገና ትናንት ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው። አግዳሚው እንኳ አልቀዘቀዘም።»

«ክፍት ቦታ አይደር ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«መመሪያው።»

«መመሪያው ስንት ልጅ ወልዷል?»

ተጠጉ። አራተኛ ሦስተኛ ሆነ፣ አምስተኛ አራተኛ፣ እያለ እስከ ታች። ኩባያዎቹ ከምስማራቸው አልተነሱም፤ የተነሱት ልጆቹ ናቸው። ስምንተኛው ምስማር ባለቤት ስላጣ በጉጠት ተነቅሎ፣ በድንጋይ ተቃንቶ፣ የግቢው በር ላይ ተመታ። ስምንተኛዋ ኩባያ ለዶሮ እህል መስፈሪያ ሆነች። «ምስማር አይባክንም» አለ አባ ተራ፣ እንደ ጥቅስ።

ይህን ሁሉ ያልተቀበለች አንዲት ፍጡር ነበረች። አራተኛ፣ ማለትም አዲሱ ሦስተኛ፣ ባልዲውን ይዞ ከወለላ ሥር ሲቀመጥ ላሟ ዞር ብላ አየችው፤ አሸተተችው፤ ከዚያ ባልዲውንም እሱንም በአንድ ርግጫ ገለበጠቻቸው። ወለላ መመሪያውን አላነበበችም። ወተቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ልጁ በየቀኑ አዲስ ብልዘት ይዞ ይመለሳል።

«የኔ ንቦች» አለ ንብ አርቢው በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ቁጥር የላቸውም። አርባ ሺህ ይሁኑ ሃምሳ ሺህ አላውቅም። ግን አንዷ እንኳ ቀፎው አፍ ላይ ቆማ ‹እኔ የት ልግባ?› ስትል አልሰማሁም።»

«ንብና ልጅ አንድ ነው እንዴ?»

«ላምና ልጅስ?»

አባ ተራ ለዚህ መልስ ፈልጎ መመሪያውን ገለጠ። አልነበረም።

ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ ምሳ ላይ፣ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ናት። ፀጉሯን አሳጥራለች፤ ቀሚሷ ራሷ የሰፋችው መሆኑ ያስታውቃል፣ ኪሱ ቀጥ ብሏል፤ ፈገግታዋ ግን ያው የዱሮው ነው። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው በገመድ የታሰረ ወፍራም ጥቅልል ይዛለች።

«ሁለት ዕቃ ይዛለች፤ ተቀበሏት!» አለ አባ ተራ።

ደስ ብሎት ነበር፤ አይካድም። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ፣ መንቶቹ በሻንጣው ተሻሙ፣ ውሻው ከገበታው ሥር ወጥቶ ጫማዋን አሸተተ። ግርግሩ ሲበርድ ልጅቷ፣ እግር የለመደውን መንገድ ሳያስብ እንደሚሄድ፣ ወደ ግድግዳው ሄዳ ሦስተኛዋን ኩባያ አወረደች።

«እ… የኔ ናት» አለ አራተኛ የነበረው። አፉ ድንች ሞልቶ ነበር። ክፋት የለውም፤ እውነቱን ነው የተናገረው።

ኩባያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ምስማሮቹን ቆጠረች። ሰባት። እንደገና ቆጠረች፤ የአባቷ ልጅ ናት።

«አንዱ የት ሄደ?»

«በሩ ላይ ነው» አለች ትንሿ፣ የምታውቀውን ጥያቄ ስላገኘች እየተቻኮለች። «አባባ ነቀለው። አንቺ በሄድሽ ማግስት ተጠጋን። አሁን እኔ ሰባተኛ ነኝ!»

እናትየው ባሏን አየችው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ «ተጠጉ» የምትለው ያችው ቃል፣ ወደ ኋላ። ሰባት ልጅ ለመጠጋት መቀመጫውን አንስቶ ነበር ማለት ይቻላል። ግን መመሪያው ከበረት ስለሚወጣ ከብት እንጂ ስለሚመለስ አይናገርም፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አባ ተራ አድርጎ አያውቅም። ሐሳቡን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር አንድ የሚያድነው ቃል አገኘ።

«ለእንግዳዋ ብርጭቆ አውጡ!» አለ። «ባለመደገፊያውንም ወንበር አምጡ!»

ብርጭቆው በጎኑ አበባ ያለበት፣ ከቁም ሳጥን ለትልቅ ሰው ብቻ የሚወጣ ነው። ወንበሩ ከመኝታ ቤት መጥቶ ከአባ ተራ በስተቀኝ ተቀመጠ። ትልቁ ድንች ለእሷ ወጣ። ያከበራት መስሎት ነበር። ሰው ልጁን ከቤቱ በዱላ ሲያባርር ዓለም አይቷል፤ በአበባ ብርጭቆ ያባረረ ግን አባ ተራ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጠጣች። ስለ አክስቷ ተጠየቀች፣ መለሰች። የማለቢያው ሰዓት ሲደርስ ተነስታ ባልዲውን ልታነሳ ስትል አዲሱ ሦስተኛ «ተራዬ ነው እኮ» አለ፤ ደግሞ እግሩን እያሻሸ፣ ቢወስዱለት ደስ እያለው፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ከበረቱ ወለላ ድምፅዋን ሰምታ እምቧ ትላለች።

«ተቀመጪ ልጄ» አለ አባ ተራ። «እንግዳ አይሠራም።»

ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ወጥታ ብቻዋን ወደ በረቱ ሄደች፣ ግንባሯን ከላሟ ጎን ላይ አስደግፋ ቆየች፣ ተመልሳም ሻንጣዋን አነሳች። «የአሥር ሰዓቱን አውቶቡስ ልያዝ።»

«አታድሪም እንዴ? ደግሞ መቼ ነው የምትመጪው?»

«ተራ ሲደርሰኝ» አለች። «እርስዎ ደህና ይሁኑ።»

እስከዚያች ሰዓት «አንተ» ነበር የምትለው። አባ ተራ አክብሮት ከተማ እንዳስተማራት ቆጥሮ ኮራ።

እናትየው ጥቅልሉን ይዛላት አውቶቡሱ ድረስ ሸኘቻት። ስትመለስ ሽርጧ ላይ የገመድ ክር ተጣብቆ ነበር። ባሏ ፊት ቆመች።

«ብርድ ልብሷን ነው ይዛ የመጣችው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ? ለሰላምታ የሚመጣ ሰው ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይመጣል?»

ነገሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲወርድ በአባ ተራ ፊት ላይ ታየ።

«ለምን አልተናገረችም?»

«ምን ትበል? ‹ከሕፃኗ ኋላ ልሰለፍ› ትበል?»

«ትመለሳለች። የት ትሄዳለች።»

«ቦታ እግር የለውም ብለሃት ነበር» አለች እናትየው። «ልጅህ ግን አላት።»

አውቶቡሱ በየቀኑ በደጁ ያልፋል። ከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በማግስቱ መሄድ ይችል ነበር፤ ሊሄድም አስቦ ነበር። ሽንኩርቱ ይነቀል አለ። ተነቀለ። ወለላ ትውለድ አለ። ወለደች። ጉድጓዱ ይጠረግ አለ። ለመሄድ ለፈራ ሰው መሬት ሥራ አትነፍገውም። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት መጣ፤ ይህን ያህል ቆይቶ ምን ብሎ ይሂድ? ደብዳቤዋ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ለእናቷ ይመጣል። አገባች። ወለደች። ሌላ ወለደች። በደብዳቤው ግርጌ «ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላም በሉልኝ» ይላል። አባ ተራ «በሙሉ» የምትለዋ ውስጥ መኖሩን ለማረጋገጥ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያስጠጋ ነበር።

ሌሎቹም ተራ በተራ ሄዱ። መሬቱ ለስምንት ቢከፈል ለእያንዳንዱ ጋድም ብሎ የሚተኛበት ያህል እንኳ አይደርስ፤ ማን ይቆያል? አንደኛ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፣ መንቶቹ አንድ ቀን አንድ ላይ ሄዱ፣ ዕጣም አላስፈለጋቸውም። በሄዱ ቁጥር የቀሩት ተጠጉ፣ ምስማር ተነቀለ። በመጨረሻ ስምንተኛዋ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንደኛ ሆነች፤ ከማን መካከል እንደሆነ መመሪያው አይገልጽም። በአንዲት ምስማር ሥር፣ በረጅም አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ብቻዋን አንደኛ ሆና ሾርባዋን ስትጠጣ የማንኪያዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

እሷም ሃያ ሁለት ሲሞላት ለአስተናጋጅነት ሥራ ልትሄድ ዕቃዋን አሰረች። አባ ተራ በሩ ላይ ቆሞ የሆነ ነገር እንድትለው ጠበቃት። ከሦስተኛዋ በኋላ ከሄዱት ልጆች አንዳቸውም «ቦታዬን ጠብቅልኝ» ብለውት አያውቁም። ልጆች ናቸው እንጂ ደንቆሮ አይደሉም፤ መልሱን አይተውታል።

«ምነው» አላት፣ «ቦታዬን ጠብቅልኝ አትይም?»

ትንሿ ሳቀችና ጉንጩን ሳመችው። «አይ አባባ፣ አትቸገር። ኩባያዋን ለዶሮ ስጣት።»

የዚያን ቀን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ ግድግዳ ሲያይ ዋለ። ምስማሮቹ የነበሩበት ቀዳዳ በጭቃ ተለስኗል። ሊጠጋ የሚችል ሰው የለም። ያኔ ነው ሦስተኛዋ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያች ግድግዳ ሥር በኩባያዋ ስትጠጣ ሳያይ መሞት ያቃተው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ሚስቱ፣ ሲነግራት። ግን ሽርጧን ፈትታ አብራው መፈለግ ጀመረች።

ኩባያዋን በረት ውስጥ አገኟት። ለላም ጡት መቀቢያ ቅባት ተይዞባት፣ ቅባቱ ደርቆ ጠቁሮ፣ ከሥሯ የጣት ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ አውጥታለች። አባ ተራ ጠዋት በአመድ፣ ከሰዓት በአሸዋ ፈተጋት። ቀይዋ 3 ሆዷ ተፍቆ ታየች። ቆርቆሮ ጠጋኙ ቀዳዳዋን ሲደፍን «አዲስ ብትገዛ ይሻልህ ነበር» አለው። «አዲስ አይሆንም» አለ አባ ተራ ተቆጥቶ፣ ጠጋኙ የኩባያዋን ታሪክ የሚያውቅ ይመስል።

ከዚያ ምስማር ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። ሦስተኛው የት ነበር? የለካበት ገመድ የለም። በስንዝር ቢለካ ሁለት ጊዜ ሁለት ቦታ ሆነበት። በቤቱ ውስጥ ሁሉን ሲቆጥር የኖረ ሰው የአንዲት ልጁ ቦታ ጠፋው።

ሚስቱ መጥታ መዳፏን በልስኑ ላይ አሳለፈችና ቆመች። «እዚህ ጋ» አለች። በጥፍሯ ፋቀችው፤ አሮጌው ቀዳዳ ወጣ።

በነጋታው ኩባያዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ረዳቱ ከመነሳታቸው በፊት የተሳፋሪውን ትከሻ በእርሳስ እየነካ ይቆጥራል። «አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት…»

«ስም አለኝ» አለው አባ ተራ።

ረዳቱ ግን አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሶ ነበር።

ቤቷ ከስፌት ሱቋ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። የስፌት መኪናው በር አጠገብ ነው፤ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ የተኛች ድመት። ስታየው ከመኪናው ላይ እግሯን አነሳች። «አባባ። ይግቡ፣ ይግቡ።» ሳመችው። የስድስት ዓመት ያህል ሴት ልጅ ከጓዳ ወጥታ ተመለከተችው።

አባ ተራ ጎንበስ አለ። የሚለው ሌላ ነገር አያውቅም። «ስንተኛ ነሽ?»

«ምኑ ስንተኛ?»

«ከልጆቹ… በቤታችሁ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት እናቷን አየች፤ ከዚያ ስሟን ነገረችው። ቀጥላ የወንድሞቿን ስም፣ ቀጥላ የድመቷን ስም፣ አራት ስም በአንድ ትንፋሽ። «የአንተስ?» አለችው። አባ ተራ ስሙን ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ስም እንደሚጠራ ሆኖ ወጣ።

«ለአያትሽ ውሃ ስጪው» አለች እናቷ።

አባ ተራ ተዘጋጀ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በመንገድ ላይ ሲዘጋጅ ነው የመጣው፤ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት፣ የአበባው ብርጭቆ ሲወጣ፣ ባለመደገፊያ ወንበር ሲጎተት እየታየው። ልጅቷ ግን ሳፋ ውስጥ ካለ የኩባያ ክምር እጇ የነካውን አንዱን አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ሞልታ ሰጠችው። ጆሮው የተሰበረ ኩባያ ነው፤ የማንም አይደለም። ልጆቹ ከሚጠጡበት ጠጣ። በብርጭቆ ብትሰጠው ኖሮ ይቀለው ነበር፤ ተቀጥቶ ይመለስ ነበር።

ጋዜጣውን ፈትቶ ኩባያዋን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጣት።

አነሳቻት። ገለበጠቻት። የተጠገነውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ምን በልቷት ነው?»

«የወለላ ቅባት ይዘንባት ነበር።»

«ወለላ!» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ተመለሰ።

«ምስማሩን መታሁት» አለ። «እዚያው ቦታው ላይ። እናትሽ ናት ያገኘችው። ያን ቀን እኮ፣ ብርጭቆው… ያከበርኩሽ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ አባባ። እሱ ነው የከፋኝ።»

«ብርድ ልብሱን አላየሁም ነበር።»

«አይተዋል» አለች ሳትቆጣ፣ ክር ወደ መርፌ እያስገባች። «‹ሁለት ዕቃ› ብለው ቆጥረዋል።»

አባ ተራ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ፤ አንድ እግር ካልሲውን። «ነይ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «ቤትሽ ነው።»

መርፌዋን አስቀመጠች። «ቤት አለኝ እኮ አባባ» አለች፤ ለታመመ ሰው እንደሚነገር ለስለስ አድርጋ። «እናቴን ላይ እመጣለሁ። ልጆቹንም ይዣቸው እመጣለሁ፤ ላም አይተው አያውቁም። ምሳ በልተን በአሥር ሰዓቱ እንመለሳለን።»

ወንዶቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲገቡ አዲስ ኩባያ አዩና ተሻሙባት። ትልቁ ጠጣባት፣ ትንሹ ነጥቆ ጠጣባት፣ ልጅቷ የቀረውን ለድመቷ አፈሰሰች። «እማዬ፣ ይቺ 3 ምንድናት?» አለ ትንሹ።

«የድሮ ቁጥር ናት» አለች እናቱ። ኩባያዋም ሳፋው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ገባች።

አባ ተራ ቤት ሲደርስ ሚስቱ ደጅ ላይ ቆማ እጁን ነው ያየችው። ጋዜጣው ባዶ ነበር። ፊቷ በራ። «ተቀበለችህ?»

«ልጆቿ ጠጡባት።»

«እሷስ?»

«ምሳ በልተን እንመለሳለን አለች።»

አባ ተራ ገብቶ ቆመ። አዲሱ ምስማር ምንም ሳይሰቀልበት ከግድግዳው ወጥቶ ያብረቀርቃል። እጁ የለመደውን አደረገ፤ ኮፍያውን አውልቆ ሰቀለበት። ምስማር አይባክንም።

ሚስቱ ሄዳ ኮፍያውን አወረደችው፤ አቧራውን አራግፋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ተወው» አለችው። «ክፍት ይደር።»